ዉ-ዌይ፦ ሳያስገድዱ መሥራትና ከታኦ ጋር ተስማምቶ መኖር — ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ዉ-ዌይ ማንበብ የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ፤ ከቀላሉ ተነሥተው ወደ አስቸጋሪው ይሄዳሉ።

ዉ-ዌይ ምን ማለት ነው?

ቃሉ ከሁለት የቻይንኛ ቃላት የተገጠመ ነው። «ዉ» «የለም» ወይም «አልባ» ማለት ሲሆን «ዌይ» ደግሞ ማድረግ ማለት ነው። ቃል በቃል ሲፈታ «አለማድረግ» ይሆናል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። የታኦ ሊቃውንት በዚህ ቃል የገለጹት እጅ አጣጥፎ መቀመጥን አይደለም፤ ነገሩ በራሱ ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋር ሳይጋጩ፣ ሳያስገድዱና ከመጠን በላይ ሳይንጠራሩ የሚሠራን ሥራ ነው።

በብዙ ጽሑፎች «ያለ ጥረት መሥራት» ተብሎ ይተረጎማል። ይህ አተረጓጎም ፈጽሞ የተሳሳተ ባይባልም አሳሳች ነው፤ ድካምና ልምምድ የማያስፈልግ ያስመስላልና። በጥንቶቹ ታሪኮች ውስጥ ለምሳሌ የሚጠቀሱት ሰዎች ግን አብዛኞቹ በአንድ ሙያ ላይ ረጅም ዓመታት ያሳለፉ ናቸው። «ሳያስገድዱ መሥራት» የሚለው ለሐሳቡ ይበልጥ ስለሚቀርብ እዚህም የተመረጠው እሱ ነው።

ታኦ ራሱ ምንድን ነው?

«ታኦ» (በዛሬው የቻይንኛ አነባበብ «ዳኦ») መንገድ ማለት ነው። በጥንታዊት ቻይና እያንዳንዱ የፍልስፍና ወገን የራሱን «መንገድ» ያስተምር ነበር። የታኦ ሊቃውንት ግን ቃሉን ከፍ አድርገው፣ ሰማይና ምድር፣ ወቅቶችና ፍጥረታት ሁሉ የሚወጡበትን፣ የሚመላለሱበትንና ተመልሰው የሚገቡበትን ምንጭ ለመጥራት ተጠቀሙበት። ታኦ ቴ ቺንግ የተባለው መጽሐፍ ገና ሲከፈት፣ በቃል ሊነገር የሚችለው ታኦ ዘላለማዊው ታኦ እንዳልሆነ ያስጠነቅቃል፤ ስለዚህ አንድ ቁርጥ ያለ ፍቺ ይዞ ለመውጣት የሚገባ አንባቢ ደጃፉ ላይ ይቀራል።

ታኦ እንደሚያዝ፣ እንደሚቆጣ ወይም እንደሚሸልም አካል አልተገለጸም። ሁሉን ይመግባል፣ ነገር ግን ጌታ ነኝ አይልም። የመጽሐፉ 37ኛ ምዕራፍ ታኦ ዘወትር ምንም እንደማያደርግ፣ ሆኖም ሳይደረግ የሚቀር ነገር እንደሌለ ይናገራል። የዉ-ዌይ ሥረ መሠረት ይህ ነው፤ ሰው ሳያስገድድ እንዲሠራ የሚመከረው ዓለም ራሷ በዚያው አኳኋን ስለምትሄድ ነው።

ሐሳቡን ያመጣው ማን ነው? መቼስ?

ትውፊቱ ላኦ ዙ ወደተባለ ሰው ይመራል። ስሙ «አረጋዊው መምህር» እንደማለት ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን ከክርስቶስ ልደት በፊት (ቅ.ል.ክ.) በ100 ገደማ እንደጻፈው፣ ላኦ ዙ የዦው ነገሥታት መዛግብት ጠባቂ ነበር፤ የመንግሥቱን መዳከም አይቶ ወደ ምዕራብ ሲሄድ የኬላው ጠባቂ ከመሰወሩ በፊት ትምህርቱን እንዲጽፍለት ለመነው፤ እሱም በ5 ሺህ ቃላት ገደማ ጽፎ ሰጥቶት ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ አልታወቀም። የዛሬ ተመራማሪዎች አብዛኞቹ ይህን እንደ አፈ ታሪክ ያዩታል፤ መጽሐፉም የአንድ ሰው የአንድ ጊዜ ሥራ ሳይሆን ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ነው ይላሉ።

በእጅ የሚዳሰሰው ማስረጃ ከመሬት የወጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በሁናን ግዛት ማዋንግዱይ በተባለ ቦታ፣ በ168 ቅ.ል.ክ. ከተዘጋ መቃብር በሐር ላይ የተጻፉ ሁለት ቅጂዎች ተገኙ። በ1993 ደግሞ በሁቤይ ግዛት ጉዎዲየን፣ በ300 ቅ.ል.ክ. ገደማ የተጻፉ የቀርከሃ ስንጥሮች ተገኙ፤ በእነሱም ላይ የመጽሐፉ ከፊል ክፍል ሰፍሯል። ዛሬ የሚነበበው ታኦ ቴ ቺንግ 81 አጫጭር ምዕራፎች አሉት። ሁለተኛው ታላቅ መጽሐፍ በአራተኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. በኖረው በዧንግ ዙ ስም የሚጠራው ነው፤ 33 ምዕራፎች ያሉት ሲሆን ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሰባቱ ለራሱ ይበልጥ የቀረቡ ተደርገው ይታያሉ። ላኦ ዙ በአጭርና በጥብቅ ቃል ሲናገር፣ ዧንግ ዙ ታሪክ ያወራል። ለጀማሪ ይበልጥ የሚቀርበው ዧንግ ዙ ነው።

ታዲያ ዉ-ዌይ ስንፍናን ማሞገስ አይደለም?

አይደለም። አማርኛ ስንፍናንና ልግምን ይለያል፤ ሰነፍ ሥራው ከብዶት የሚተወው ነው፣ ለጋሚ ግን እየቻለ ሆን ብሎ የሚጎትተው ነው። ዉ-ዌይ ከሁለቱም አይደለም። ሰነፍ ነገሩን ይሸሻል፣ ለጋሚ ነገሩን ይቃወማል፣ በዉ-ዌይ የሚሠራ ሰው ግን ነገሩን ተጠግቶ፣ ጠባዩን አጥንቶ፣ በሚሄድበት በኩል ያስኬደዋል። ታኦ ቴ ቺንግ ራሱ በ64ኛው ምዕራፍ ዘጠኝ ደርብ ያለው ግንብ ከአንድ ቁና አፈር እንደሚነሣ፣ የሺህ ሊ (የቻይና የርቀት መለኪያ) ጉዞም ከእግር ሥር እንደሚጀምር ይናገራል። ስንፍናን የሚሰብክ መጽሐፍ ስለ ግንብ ሥራና ስለ ረጅም ጉዞ አይጽፍም።

ውሃ ለምን በየቦታው ይጠቀሳል?

በ8ኛው ምዕራፍ ከሁሉ የሚበልጠው በጎነት ውሃን እንደሚመስል ተጽፏል፤ ሁሉን ይጠቅማል፣ ከማንም አይሻማም፣ ሰው በሚንቀው ዝቅተኛ ቦታም ይተኛል። በ78ኛው ምዕራፍ ደግሞ በዓለም ላይ ከውሃ የለሰለሰ ባይኖርም ጠንካራውን ለመብላት ከእሱ የሚበልጥ እንደሌለ ይነገራል። በአማርኛ «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ሲባል ስለ ከንቱ ድካም ነው። ምሳሌውን ከውሃው በኩል ለተመለከተው ግን ላኦ ዙ ካለው ጋር ይገጥማል፤ ሙቀጫው ደክሞ ይቀመጣል፣ ውሃው ምንም አልሆነም።

ምሳሌውን እስከ ለዘብተኝነት ብቻ መውሰድ ግን ስሕተት ነው። ውሃ ሁልጊዜ አንድ አቅጣጫ አለው፣ ወደ ታች። ድንጋይ ሲገጥመው ይዞረዋል እንጂ መሄዱን አይተውም።

የብልት አውጪው ታሪክ ምንድን ነው? ለምንስ ይህን ያህል ይጠቀሳል?

በዧንግ ዙ መጽሐፍ በሦስተኛው ምዕራፍ የሚገኝ ታሪክ ነው። ዲንግ የተባለ የቤተ መንግሥት ወጥ ቤት በዌንሁይ ጌታ ፊት በሬ ይበልታል። እጁ ሲነካ፣ ትከሻው ሲደገፍ፣ ጉልበቱ ሲጫን፣ ቢላዋው ሲገባ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ ምት ነበረው፤ የዘፈን ያህል። ጌታው ተደንቆ ሙያህ እዚህ ደረጃ እንዴት ደረሰ ብሎ ሲጠይቀው፣ ዲንግ የምወደው ታኦን ነው፣ እሱም ከሙያ ያልፋል ሲል መለሰ። መጀመሪያ ሥራውን ሲይዝ የሚያየው በሬውን ብቻ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሙሉ በሬ ማየት አቆመ፤ አሁን ደግሞ በዓይኑ ሳይሆን በመንፈሱ ያገኘዋል። ተራው ብልት አውጪ ስለሚፈልጥ ቢላዋውን በየወሩ ይቀይራል፣ ጎበዙ ስለሚቆርጥ በየዓመቱ ይቀይራል፤ የዲንግ ቢላዋ ግን 19 ዓመት ሆኖት፣ የሺህዎች በሬዎችን ብልት አውጥቶ፣ ስለቱ አሁን ከመሳያ ድንጋይ እንደወጣ ነው። ምክንያቱን ሲያስረዳ በመገጣጠሚያዎች መካከል ክፍተት አለ፣ የስለቱ ጫፍ ደግሞ ውፍረት የለውም፤ ውፍረት የሌለው ክፍተት ወዳለበት ሲገባ መንቀሳቀሻው ሰፊ ነው ይላል።

አብዛኛው ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ቁም ነገሩ ግን ቀጥሎ ነው። ዲንግ ጅማትና አጥንት የተወሳሰበበት ቦታ ሲደርስ በቸልታ እንደማያልፈው ይናገራል፤ አስቸጋሪነቱን ያያል፣ ይጠነቀቃል፣ ዓይኑን አንድ ቦታ ላይ ይተክላል፣ እንቅስቃሴውን ያዘገያል፣ ቢላዋውን በጥቂቱ ብቻ ያነቃንቃል፤ ከዚያ ብልቱ እንደ አፈር ጓል ዱብ ይላል። ቆሞ ዙሪያውን ያያል፣ ደስ ይለዋል፣ ቢላዋውን ጠርጎ ያኖረዋል። ከ19 ዓመት በኋላ እንኳ የሚያዘገየው ቦታ አለ ማለት ነው። ዉ-ዌይን ሁልጊዜ ሳያስቡ መፍሰስ አድርጎ ለሚያቀርብ ሁሉ መልሱ እዚህች ቦታ ላይ ነው፤ የበሰለ ሰው የሚለየው ቋጠሮ ስለማይገጥመው አይደለም፣ ቋጠሮውን ቀድሞ ስለሚያውቀው ነው።

በታኦ ቴ ቺንግ 11ኛ ምዕራፍም ይኸው ክፍተት በሌላ ምሳሌ ይመጣል። ሠላሳ የመንኮራኩር ጨረሮች በአንድ እምብርት ላይ ይገናኛሉ፤ ሠረገላውን የሚጠቅመው ግን የእምብርቱ ባዶ ቀዳዳ ነው። ሸክላ ሠሪ ጭቃ ያበጃል፣ የሚያገለግለው ግን የእንስራው ባዶ ሆድ ነው። ሳያስገድዱ መሥራት የሚቻለው በየነገሩ ውስጥ ባዶው የት እንዳለ ላወቀ ሰው ነው።

ዉ-ዌይን በዕለት ተዕለት ኑሮ በምን ማወቅ ይቻላል?

እንጀራ መጋገር የምትማር ልጅና እናቷን አጠገብ ለአጠገብ ማየት በቂ ነው። ልጂቱ ሊጡን ስታፈስ ዓይኗ ከእጇ ላይ አይነሣም፤ ክንዷ ይደርቃል፣ አንዱ ጋ ይወፍርባታል፣ አንዱ ጋ ይሸነቆርባታል፣ ስታስተካክል ደግሞ ይበልጥ ታበላሸዋለች። እናቷ ከዳር ወደ መሀል በአንድ ትንፋሽ አዙራ ጨረሰች፣ ከጎረቤት ጋር ወሬዋን ሳታቋርጥ። ሆኖም የምጣዱ ሙቀት ጥቂት ሲበዛ ከሁሉ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት፤ ዓይኑ ሲወጣ አክንባሎውን የምትከድንበትን ቅጽበትም አትስትም። ጡንቻዋ አልተገተረም፣ ልቧ ግን እዚያው ነው።

ሹፌር፣ ሸማኔ፣ አዋላጅ፣ ቅኔ ዘራፊ፣ ክራር ደርዳሪ፣ ሁሉም ይህን ጊዜ በየሙያው ያውቀዋል። የቻይናዎቹ ሊቃውንት ያደረጉት ነገር ሰው ሁሉ በእጁ የሚያውቀውን ይህን ሁኔታ ወስደው መላ ኑሮ እንዲህ ቢሆንስ ብለው መጠየቃቸው ነው።

ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ መኖር ማለት ከተማን ትቶ ገጠር መግባት ነው?

አንዳንዶች አድርገውታል፤ በተራሮች ላይ የኖሩ የታኦ ባሕታውያን በቻይና ታሪክ ውስጥ ብዙ ናቸው። ሐሳቡ ግን ከዚያ ይሰፋል። «ተፈጥሮ» ተብሎ የሚተረጎመው የቻይንኛ ቃል «ዚራን» ሲሆን ቃል በቃል ከራሱ እንዲህ የሆነ ማለት ነው። በአማርኛ «እንዲሁ» የምንለው ቃል ለዚህ በጣም ይቀርባል፤ ማንም ሳይገፋው፣ ማንም ሳያስጌጠው፣ እንዲሁ የሆነ። ስለዚህ ከዚራን ጋር መስማማት ዛፍና ወንዝ ወዳለበት ከመሄድ ይልቅ፣ ያሉበትን ነገር፣ ሰውንም ጭምር፣ እንደ ጠባዩ መያዝ ነው።

ይህ በትልቅ ሥራ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ከጥንቱ የመስኖ ሥራ ከዱጂያንግየን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በሲቹዋን ግዛት ሚን የተባለው ወንዝ በየዓመቱ በረዶ ሲቀልጥና ክረምቱ ሲገባ ሜዳውን ያጥለቀልቅ ነበር። በ256 ቅ.ል.ክ. ገደማ የቺን መንግሥት የአካባቢው ገዢ የነበረው ሊ ቢንግ ወንዙን የሚዘጋ ግድብ አልሠራም። በቀርከሃ ቅርጫት ድንጋይ ሞልቶ፣ አፉ እንደ ዓሣ አፍ የሾለ ደሴት በመሀል አበጀና ውሃውን ለሁለት ከፈለው። የውስጠኛው መስመር ጥልቅና ጠባብ፣ የውጭው ሰፊና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ፣ በበጋ ውሃው ሲያንስ ከአሥር ስድስት እጅ ያህሉ ወደ እርሻው ይገባል፤ በጎርፍ ጊዜ ደግሞ ያው ስድስት እጅ በራሱ ወደ ውጭ ይዞራል። ትርፍ ውሃና አሸዋ የሚያስወጣ ዝቅተኛ መተላለፊያ አለው፤ ወደ ሜዳው የሚያስገባው ጠባብ በር ደግሞ ከተራራው ተፈልፍሏል፣ እንደ ትውፊቱ ዓለቱን በእሳት እያጋሉ በውሃ እየሰነጠቁ። ዘዴው ዛሬም ከ500 ሺህ ሄክታር በላይ ያጠጣል። ከታኦ እምነት ቅዱሳን ተራሮች አንዱ ከሆነው ከቺንግቼንግ ጋር አብሮ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ሊ ቢንግ የቺን ሹም ነበር እንጂ የታኦ መምህር አልነበረም፤ በዚያው ስፍራ የሚጠበቀው ጥንታዊ መመሪያ ግን ከየትኛውም ምዕራፍ ይበልጥ ዉ-ዌይን ያስተምራል፦ ወለሉን በጥልቀት ጥረግ፣ የትርፍ ውሃ መተላለፊያውን ዝቅ አድርገህ ሥራ። ይህ ማለት በየዓመቱ፣ ውሃው በሚያንስበት ወቅት፣ ብዙ ሰው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ደለል ያወጣ ነበር ማለት ነው። ማስገደድ የለበትም፣ ሥራ ግን አለበት፤ ሁለት ሺህ ዓመት ያቆመውም ይህ ዓመታዊ ድካም ነው።

ዪንና ያንግ ከዚህ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?

ዪን መጀመሪያ የተራራ ጥላማ ጎን፣ ያንግ ፀሐይ የሚያርፍበት ጎን ማለት ነበር። ፀሐይዋ ስትዞር ጥላው ብርሃን፣ ብርሃኑ ጥላ ይሆናል፤ ተራራው ግን አንድ ነው። የታኦ ቴ ቺንግ 42ኛ ምዕራፍ ፍጥረታት ሁሉ ዪንን ተሸክመው ያንግን እንዳቀፉ ይናገራል። ለዉ-ዌይ የሚያስፈልገው ነጥብ አንድ ነው፤ አንድ ነገር ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ ተቃራኒው ይመለሳልና፣ በኃይል ወደ ጫፍ የሚገፋ ሰው መመለሱን ያፋጥናል።

ታይ ቺ የሚሠሩ ሰዎች የሚለማመዱት ዉ-ዌይን ነው?

በከፊል አዎ። ታይ ቺ ቿን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው የቻይና የአካል ጥበብ፣ ከዚህ አስተሳሰብ ብዙ ወስዷል። «እጅ መገፋፋት» በሚባለው ልምምድ ሁለት ሰዎች ክንዳቸውን አነካክተው አንዱ አንዱን ሚዛን ለማሳት ይሞክራል። ጀማሪ ሲገፋ መልሶ ይገፋል፤ የበሰለው ግን የሚመጣውን ኃይል አብሮት ዞር ይልና ባዶ ቦታ ያስይዘዋል፣ ገፊው በራሱ ክብደት ይንገዳገዳል። ቅርጹን ብቻ መድገም ግን ዉ-ዌይ አይደለም፤ ትከሻቸው እንደተገተረ ዓመታት የሚለማመዱም አሉ።

በአገር አስተዳደር ላይ ተሞክሮ ያውቃል?

ተሞክሯል። ታኦ ቴ ቺንግ በአመዛኙ ለገዢዎች የተጻፈ ምክር መሆኑን ብዙ ዘመናዊ አንባቢ ይዘነጋል። 60ኛው ምዕራፍ ትልቅ አገር መግዛት ትንሽ ዓሣ እንደ መጥበስ ነው ይላል፤ ደጋግሞ ያገላበጠው ሰው ድስቱ ውስጥ ፍርፋሪ ያገኛል። የቺን መንግሥት በጨካኝ ሕግና በግዳጅ ሥራ ሕዝቡን አስጨንቆ ከወደቀ በኋላ፣ የሃን ሥርወ መንግሥት የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ወደዚህ ምክር አዘነበሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳኦ ሸን ሥልጣን ሲይዝ ምንም አዲስ ነገር ባለማድረጉ ወጣቱ ንጉሥ ሁይ ወቀሰው። እሱም ንጉሡን ከአባትዎ ይበልጣሉ ወይ፣ እኔስ ከቀድሞው ሚኒስትር ከሺያዎ ሄ እበልጣለሁ ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ሁለቱንም ንጉሡ አይደለም ሲል፣ እንግዲያውስ የሠሩትን ሕግ ብንጠብቅ አይበቃንም? አለው። ከ180 እስከ 157 ቅ.ል.ክ. የነገሠው ንጉሥ ዌን አካል የሚያጎድሉ ቅጣቶችን በ167 አስቀረ፣ የመሬት ግብርንም አቀለለ፤ በልጁ በጂንግ ዘመን ግብሩ የምርቱ አንድ ሠላሳኛ ሆነ። ጎተራዎች ሞሉ፣ አገሪቱም አገገመች።

የዚህ አገዛዝ ጉድለትም ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ማዕከሉ እጁን ሲሰበስብ የተጠቀመው ገበሬው ብቻ አልነበረም፤ በየአውራጃው የተቀመጡ መሳፍንትም ጉልበት አገኙ፣ በ154 ቅ.ል.ክ. ሰባቱ ተባብረው ዐመፁ። የተጎዳ አገርን እንዲያገግም መተው አንድ ነገር ነው፤ ኃይለኛው እንዳሻው እንዲሆን መተው ግን ሌላ ነው።

የኮንፊሽየስ ትምህርት የዚህ ተቃራኒ ነው?

ብዙ ጊዜ እንዲያ ይቀርባል፣ ነገሩ ግን ከዚህ የረቀቀ ነው። ዉ-ዌይ የሚለው ቃል በኮንፊሽየስ ንግግሮች ስብስብ ውስጥም ይገኛል፤ የጥንቱ ንጉሥ ሹን ምንም ሳያደርግ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ተቀምጦ ብቻ አገር ያቀና ነበር ተብሎ ተመስግኗል። ኮንፊሽየስ ራሱም በሰባ ዓመቱ ልቡ የወደደውን ቢከተል ከልኩ እንደማያልፍ ተናግሯል። ልዩነቱ በመንገዱ ላይ ነው። የኮንፊሽየስ ወገኖች ሥርዓትን፣ ሙዚቃንና ትምህርትን ዕድሜ ልክ በመለማመድ ወደዚያ ይደረሳል ይላሉ። ላኦ ዙ በ48ኛው ምዕራፍ ትምህርትን የሚከተል በየቀኑ እንደሚጨምር፣ ታኦን የሚከተል ግን በየቀኑ እንደሚቀንስ፣ ቀንሶ ቀንሶም ዉ-ዌይ ላይ እንደሚደርስ ይናገራል። አንዱ ይቀርጻል፣ ሌላው የተቀረጸውን ያራግፋል።

ይህ ሃይማኖት ነው? ክርስቲያን ወይም ሙስሊም የሆነ ሰው ቢያነበው ይጋጭበታል?

ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ142 ዓ.ም. ዧንግ ዳኦሊንግ በሲቹዋን የመሠረተው የሰማያዊ መምህራን ማኅበር ካህናት፣ ጸሎት፣ አማልክትና ሥርዓተ አምልኮ ያለው ሃይማኖት ሆነ፤ ታኦይዝም ዛሬም በቻይና መንግሥት ከታወቁት አምስት ሃይማኖቶች አንዱ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፉት የላኦ ዙና የዧንግ ዙ መጻሕፍት ግን በብዛት የሚናገሩት ስለ አኗኗርና ስለ አገዛዝ ነው፤ የራሳቸውን እምነት ሳይለቁ ያነበቧቸውም ብዙዎች ናቸው። ቶማስ መርተን የተባለው አሜሪካዊ የካቶሊክ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1965 የዧንግ ዙን ታሪኮች በራሱ አተረጓጎም አሳትሟል።

ሆኖም ልዩነቱን ማለሳለስ ለሁለቱም ወገን ክብር አይሆንም። ታኦ የሚሰማ፣ የሚወድና የሚፈርድ ፈጣሪ አይደለም። «የፈጣሪ ፈቃድ ይሁን» የሚለው አማኝ ራሱን ለሚያውቀው ጌታ ይሰጣል፤ በታኦ መንገድ የሚሄድ ግን ራሱን የሚያስማማው ስም የለሽ ከሆነው የነገሮች አካሄድ ጋር ነው። ሥራን ሳያስገድዱ የመሥራትን ጥበብ ከዚህ መማር ይቻላል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ግን አይቻልም።

ላለመሞከር መሞከር ራሱ ሙከራ አይደለም?

ነው፤ ይህም የሐሳቡ አስቸጋሪ ቋጠሮ ነው። እንቅልፍ ሲያጣ አሁን መተኛት አለብኝ ያለ ሰው ጭራሽ ይነቃል። ዘና በል የተባለ ተናጋሪም ይበልጥ ይተሳሰራል። የታኦ ጸሐፊዎች ይህን በቀጥታ አይፈቱትም፤ ጎን ለጎን ያልፉታል። በዧንግ ዙ 19ኛ ምዕራፍ ቺንግ የተባለ እንጨት ጠራቢ የደወል መስቀያ ከመሥራቱ በፊት ይጾማል፤ በሦስተኛው ቀን ሽልማትንና ሹመትን ይረሳል፣ በአምስተኛው ሙገሳንና ነቀፋን ይረሳል፣ በሰባተኛው እጅና እግር እንዳለውም ይረሳል። ከዚያ በኋላ ጫካ ገብቶ የሚስማማውን ዛፍ ሲያይ መስቀያው እዚያው ውስጥ ይታየዋል። ቺንግ ዉ-ዌይን አልሞከረም፤ የሚያስገድዱትን ነገሮች አንድ በአንድ አስወገደ።

ከኮንፊሽየስ ወገን የሆነው ሜንግ ዙም የሚጠቅም ታሪክ አለው። የሶንግ አገር ገበሬ ቡቃያው አላድግ ብሎት እያንዳንዱን ከሥሩ ሳብ ሳብ አድርጎ፣ ደክሞት ቤቱ ገባና ዛሬ ቡቃያውን አሳደግኩት አለ። ልጁ ሮጦ ሲሄድ ሁሉም ጠውልጎ አገኘው። ሜንግ ዙ ግን አረሙን የማያርመውንም ሰው አብሮ ይነቅፋል።

ግፍ ሲፈጸም ዝም ማለት ነው ማለት ነው?

ይህ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው፤ መጽሐፉን ለዚህ የተጠቀሙበትም ነበሩና። በ233 ቅ.ል.ክ. የሞተው ፈላስፋ ሀን ፌይ ላኦ ዙን አብራርቶ ጽፏል፤ በእሱ እጅ ግን ዉ-ዌይ ገዢው ፍላጎቱን ደብቆ፣ በሕግና በቅጣት ሌላውን የሚያንቀሳቅስበት ዘዴ ሆነ። ራሱን ታኦ ቴ ቺንግን የሚያነብ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። 75ኛው ምዕራፍ ሕዝብ የሚራበው በላዩ ያሉት ብዙ ግብር ስለሚበሉ ነው ሲል በግልጽ ይከሳል። 31ኛው ምዕራፍ የጦር መሣሪያ የክፉ ምልክት መሆኑን ተናግሮ፣ ድል እንኳ ቢገኝ እንደ ቀብር ሥርዓት በኀዘን ሊታይ እንደሚገባ ያዝዛል። 67ኛው ምዕራፍ ከሦስቱ ውድ ሀብቶቹ መጀመሪያ ርኅራኄን ያስቀምጣል፤ ከርኅራኄ የተነሣ ድፍረት ይገኛል ይላል። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ዝም አላለም። ዉ-ዌይ ለተበደለው ታገሥ ከሚለው በፊት ለበዳዩ እጅህን ከእሱ ላይ አንሣ ይላል።

የሚያውቅ አይናገርም ከተባለ ላኦ ዙ 5 ሺህ ቃል ለምን ጻፈ?

ጥያቄውን የታንግ ዘመኑ ባለቅኔ ባይ ጁዪ (772–846) በግጥም አንሥቶታል፤ የሚያውቅ ዝም ይላል ያለን ላኦ ዙ ነው፣ አዋቂ ከነበረ ታዲያ እነዚያን 5 ሺህ ቃላት እንዴት ጻፈ ብሎ። የተሻለው መልስ በዧንግ ዙ 13ኛ ምዕራፍ ይገኛል። የቺ መስፍን ኋን በሰገነቱ ላይ መጽሐፍ ያነባል፤ ከታች ቢየን የተባለ መንኮራኩር ሠሪ ይጠርባል። ቢየን መዶሻውንና መሮውን አስቀምጦ ምን እያነበቡ ነው ብሎ ጠየቀ። የሊቃውንትን ቃል። በሕይወት አሉ? ሞተዋል። እንግዲያው የሚያነቡት የሰዎቹን አተላ ነው አለ። መስፍኑ ተቆጥቶ አስረዳ፣ ካልቻልክ ትሞታለህ አለው።

ቢየን ከሥራው ተነሥቶ አስረዳ። መሮውን ሲያዘገየው ይንሸራተታል እንጂ አይይዝም፣ ሲያፈጥነው ይነክሳል እንጂ አይገባም፤ ሳይዘገይና ሳይፈጥን ሲሆን እጁ ያገኘዋል፣ ልቡም ይቀበለዋል። ልኩ የት እንደሆነ በአፉ መናገር አይችልም፤ ለልጁ ማስተማር አልቻለም፣ ልጁም ከእሱ መቀበል አልቻለም፣ ስለዚህ በሰባ ዓመቱም መንኮራኩር የሚጠርበው ራሱ ነው። ቢሆንም ይህን ሁሉ የምናውቀው አንድ ሰው ስለጻፈው ነው። አተላ ጠላ አይደለም፤ ግን ጠላ እንደነበረ፣ ጌሾው ምን ያህል እንደመረረ፣ በየትኛው ጋን እንደተጠመቀ ሽታው ይናገራል፤ ጠማቂዋ ቤት ለመሄድ የሚነሣ ሰው ከዚያ ሽታ ሊነሣ ይችላል።